ሦስት የኢንዶኔዥያ ጦሮች እጄ ገብተዋል፤ ከየት እንደሆኑና እንዴት እንደምይዛቸው ምከሩኝ

ዘሄግ_ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሆላንድ፣ ዘሄግ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ መንከባከብ ነው። ለ6 ዓመት የተንከባከብኳቸው አንዲት አሮጊት ባለፈው ወር አረፉ። ኦማ ነበር የምላቸው፤ እዚህ አያትን እንደዚያ ነው የሚሏት። የተወለዱት ጃቫ ነው። በ1950ዎቹ (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ገና ልጅ ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር በመርከብ መጡ። ልጃቸው ቤቱን ስታስረክብ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅለው የኖሩትን ሦስት ጦሮች አወረደችና «እናቴ ለአንቺ ነው ያለችው» ብላ ሰጠችኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ፎቶ አያይዣለሁ። አንደኛው ቀጥ ያለ ነው። ብረቱ 36 ሳንቲ ሜትር፣ ጥቁር ግራጫ፣ ላዩ ላይ ብርማ ነጠብጣብ አለው። ስለቱ ዳር አካባቢ ዝገት ይዞታል። የእንጨት አፎት አለው። ዘንጉ አጭር ነው፤ ታችኛው ጫፉ በመጋዝ የተቆረጠ ይመስላል።

ሁለተኛው ጠመዝማዛ ነው። ያብረቀርቃል፣ ሲያነሱት ይቀላል። ዘንጉ ቀይና ወርቅማ ቀለም ተቀብቷል።

ሦስተኛው 2 ሜትር ይጠጋል። እንጨቱ ጥቁርና ከባድ ነው። ብረቱ ወደ እንጨቱ አልገባም፤ ከጎኑ በሐረግ ተጠፍሮ ነው የታሰረው።

አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አይቷቸው «የኢንዶኔዥያ ጦር ጠመዝማዛ ነው፤ ቀጥ ያለው ዋጋ የለውም» አለኝ። ለጠመዝማዛው 60 ዩሮ፣ ለሁለቱ በአንድ ላይ 20 ዩሮ ሰጠኝ። አልሸጥኩም። ወንድሜ ደግሞ ቅዳሜ መጥቶ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቅልኝና ቅቤ ሊቀባልኝ ነው። እውነት እንደዚያ ነው የሚደረገው?

አንኮበሬ

ነፍሳቸውን ይማር እህቴ። እኛ ቤት የአያቴ ጦር አለ። እናቴ በዓመት አንድ ጊዜ በአመድ ፈትጋ ቅቤ ትቀባው ነበር። ምንም አልሆነም። የብረቱን እውነተኛነት ለማወቅ ግን ማግኔት አስጠጊበት። ነጠብጣቡ ማግኔት ካልያዘ ኒኬል ነው፣ ከያዘ ብረት ነው።

የመጋዘን_ሰው

እህቴ፣ እግዜር ያጥናሽ። ከሁሉም በፊት ወንድምሽን አስቁሚልኝ። ብርጭቆ ወረቀት፣ የድስት ሽቦ፣ አመድ፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቅቤ አንዱም አይንካቸው። አውሮፓ ውስጥ በአንድ ሙዚየም መጋዘን 14 ዓመት ሠርቻለሁ። በዝገት ከተበላ ብረት ይልቅ ተፍቆ የተበላሸ ብረት ነው በብዛት ያየሁት።

ከፎቶው እንዳየሁት አንደኛው የጃቫ ጦር ነው። ቶምባክ ይሉታል። እንዴት አወቅክ ካልሽኝ ከአያያዙ ልጀምር። የእኛ አገር ጦር ብረቱ ከስሩ እንደ ቀንድ ክፍት ነው፤ ሶማያው (ዘንጉ) ወደ ብረቱ ይገባል። የጃቫውና የባሊው የተገላቢጦሽ ነው። ከብረቱ ስር ቀጭን ጭራ ይወጣና ወደ እንጨቱ ይገባል። እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ አፉ ላይ የነሐስ ወይም የብር መያዣ ይደረግለታል። አሁን ስለቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አተኩሪ። አንዲት ወፍራም ቀለበት ታያለሽ። ሜቱክ ትባላለች። በፎቶ 1 ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

«ብርማ ነጠብጣብ» ያልሽው ደግሞ የዚህ ጦር ነፍሱ ነው። ፓሞር ይባላል። አንጥረኛው ተራ ብረትና ኒኬል ያለበትን ብረት ይደራርባል። ያግላል፣ ይቀጠቅጣል፣ ያጥፋል፣ እንደገና ይቀጠቅጣል። መሃሉ ላይ ስለት የሚይዘውን ጠንካራ ብረት ያስገባል። ሲያልቅ በአርሴኒክና በሎሚ ጭማቂ ያጥበዋል። ብረቱ ይጠቁራል፤ ኒኬሉ ግን አይጠቁርምና ብርማ ሆኖ ይቀራል። የአንቺ ጦር መልክ ቤራስ ዉታህ ይመስላል፤ «የፈሰሰ ሩዝ» ማለት ነው። ይህን ብርጭቆ ወረቀት ከነካው ጥቁሩም ነጩም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የት እንደተሠራ የሚናገር ነገር አይቀርለትም።

ሌላም ምክንያት አለ። ያ አርሴኒክ ርዝራዡ ብረቱ ላይ ሊኖር ይችላል። ሲፋቅ ብናኙን ትስቢዋለሽ። የላስቲክ ጓንት አድርገሽ ያዢው። ልጆች ካሉ አርቂላቸው። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

አንኮበሬ ወንድሜ፣ ማግኔቱ አይረዳም። ኒኬልም በማግኔት ይሳባል።

ነጋዴው ያለሽ ስህተት ነው። አብዛኛው የጃቫ ጦር ቀጥ ያለ ነው። ጠመዝማዛ ሲሆን እጥፋቶቹ ሉክ ይባላሉ፤ ቁጥራቸውም ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። 3፣ 5፣ 7፣ 9 እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ሦስት ነገር ላስቸግርሽ፦ የሁለተኛውን እጥፋቶች ቁጠሪ። የሦስተኛውን ታችኛ ጫፍ በባትሪ እዪልኝ። የአንደኛውን አፎት ደግሞ አፍሽን ዘግተሽ ቀስ ብለሽ አሽትቺው።

ዘሄግ_ነዋሪ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜን ደውዬ አስቁሜዋለሁ።

ሁለተኛውን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። 8 ነው። ብርማው ሥዕል በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነው፤ ስለቱ ጋ ሲደርስ ድንገት ያቆማል።

ሦስተኛው አስደነገጠኝ። ታችኛው ጫፍ ላይ እርሳስ የምታስገባ ክብ ቀዳዳ አለች። ባትሪ ሳበራባት ብርሃኑ ከላይ ወጣ! እንጨቱ ከዳር እስከ ዳር የተበሳ ነው። ትል ነው የበላው?

አፎቱ ይሸታል። ደስ የሚል ሽታ ነው። ዕጣን ልል አልኩና አይደለም። ምን እንደሆነ አላወቅኩትም።

የመጋዘን_ሰው

ትል እንደዚያ ቀጥ አድርጎ አይበላም። እንኳን ደስ ያለሽ፤ ሦስተኛው ጦር ብቻ አይደለም። ሱምፒት ነው፤ ዳያክ የሚባሉት የቦርኒዮ ደሴት ሰዎች የሚያድኑበት የትንፋሽ ቧንቧ። ትንሽ ቀስት (ፍላጻ) ቀዳዳው ውስጥ ትገባለች፣ አዳኙ እፍ ይላታል። ቀስቷ ካለቀች ወይም አውሬው ከቀረበ ጫፉ ላይ በታሰረው ብረት ይወጋል። በሐረግ የታሰረው ለዚህ ነው፤ ቀዳዳው መዘጋት የለበትም። ሐረጉ ራታን ይባላል። ከብረቱ ትይዩ በሌላው ጎን ትንሽ የብረት ጥፍር ካለች እሷ ማነጣጠሪያው ናት።

አሠራሩን ሳስበው ሁሌም ይደንቀኛል። እንጨቱን ያቆሙታል። ሠሪው ከፍ ያለ መድረክ ላይ ወጥቶ በረጅም ብረት ከላይ ወደ ታች ይወቅረዋል። ሌላው ሰው ስብርባሪው እንዲወጣ ውሃ ያፈስበታል። ጫፉ ላይ የሚታሰረው ብረት በክብደቱ ቧንቧውን ወደ ታች ስለሚጎትተው፣ ሲበሱት በትንሹ ወደ ሌላው ጎን እንዲጎብጥ ያደርጉታል። ብረቱ ሲታሰር ቀጥ ይላል። ይህን የሚያስብ ሰው በፋብሪካ መሣሪያ አልሠራም።

አንድ ነገር ግን እወቂ። ከሱምፒቱ ጋር የቀርከሃ መያዣና ቀጫጭን ቀስቶች ካሉ በባዶ እጅ እንዳትነኪ። ጫፋቸው የሚቀባው ኡፓስ ከሚባል ዛፍ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ ልብ ያቆማል። አገራችን ምረንዝ የሚባለውን ዛፍ የምታውቁ፣ የቀስት መርዙ ልብ ላይ የሚሠራው በተቀራራቢ መንገድ ነው። አሮጌ መርዝ ደክሟል ብሎ መገመት አይቻልም።

ሁለተኛው፣ 8 እጥፋት ያለው፣ ለጎብኚ የተሠራ ጌጥ ነው። እውነተኛ ፓሞር ከሥጋው ነው፤ ወደ ስለቱ ሲወርድ መስመሩ ይቀጥናል፣ ይበታተናል፣ መሃል ያለው ጠንካራ ብረት ይታያል። የአንቺው በአሲድ ላዩ ላይ የተሣለ ነው። ነጋዴው 60 ዩሮ ያለው ለእሱ ነው! አትጣዪው፤ ኦማ ኮሪደራቸው ላይ ካኖሩት ምክንያት ይኖራቸዋል።

ስለ ሽታው እመለስበታለሁ። ጃቫ፣ ዮግያካርታ ከተማ የተማረች እህት እዚህ ነበረች፤ እሷ ትሻለኛለች።

ከሜራፒ_ሥር

አለሁ ጋሼ። ዮግያካርታ 2 ዓመት ተምሬያለሁ።

እህቴ፣ ያ ሽታ ምናልባት ሰንደል ነው። ጃቫዎች የወረሱትን የጦር መሣሪያ ፑሳካ ይሉታል። እንደ ዕቃ አያዩትም። በጃቫ አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር ሱራ ነው። በዚያ ወር ያወጡታል፣ ያጥቡታል፣ ሰንደል ወይም አበባ ያለበት ዘይት ይቀቡታል። ጃማሳን ይባላል። የተከራየሁበት ቤት አባት የአያታቸውን ክሪስ (የጃቫ ጩቤ ነው) ሲያጥቡ አይቻለሁ። ነጭ ጨርቅ ላይ አጋድመው፣ ቃል ሳይናገሩ፣ ሕፃን እንደሚያጥቡ አድርገው ነው። ቤቱ ሁሉ ለሳምንት ይሸት ነበር።

በዮግያካርታ ቤተ መንግሥት ካንጀንግ ኪያይ አገንግ ፕለረድ የሚባል ጦር አለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሱታዊጃያ የሚባል የጃቫ መስፍን ተቀናቃኙን አርያ ፔናንግሳንግን የገደለበት ነው ይባላል። እሱም በሱራ ይታጠባል። «ኪያይ» የክብር መጠሪያ ነው። ለተከበረ ሽማግሌ የሚባለውን ለጦር ይሉታል። ስሰማ ወዲያው የመጡብኝ የእኛ ነገሥታት ፈረሶች ናቸው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እንደምንለው እነሱ ለብረቱ ስም ያወጣሉ።

አንድ ጥያቄ አለኝ ጋሼ። እዚያ ሳለሁ ፓሞር ከሰማይ ከወረደ ድንጋይ ነው ይሉኝ ነበር። እውነት ነው?

የመጋዘን_ሰው

ከፊሉ እውነት ነው። ጃቫ ውስጥ፣ ፕራምባናን ከሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አጠገብ የወደቀ ድንጋይ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ሱራካርታ ቤተ መንግሥት ተወሰደ፤ ዛሬም ቁራጩ እዚያ አለ። የቤተ መንግሥት አንጥረኞች ተጠቅመውበታል። ግን የጃቫ ፓሞር ሁሉ ከአንድ ድንጋይ ሊወጣ አይችልም። ብዙው ኒኬል ያለበት ብረት ከሱላዌሲ ደሴት፣ ከሉዉ አካባቢ በመርከብ የመጣ ነው። ሻጭ «የሰማይ ብረት ነው» ብሎ ዋጋ ሲቆልል ስትሰሙ ኪሳችሁን ያዙ።

መቅደላ_አይረሳም

ጽሑፉን በደስታ ነው ያነበብኩት። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እኛ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደብንን እንዲመልሱ ስንጮህ እንውላለን። ሆላንዶችም ኢንዶኔዥያን ሲገዙ ብዙ ዘርፈዋል። እህታችን እጅ የገባው ጦር የማን እንደነበር ሳይጣራ ግድግዳ ላይ መስቀል ይገባል? ክፉ ብዬ አይደለም፤ ይሰማኛል።

የመጋዘን_ሰው

ትክክለኛ ጥያቄ ነው ወንድሜ፤ እኔም ብጠየቅ ደስ ይለኛል። የጃቫው ልዑል ዲፖነጎሮ ከ1825 እስከ 1830 ከሆላንዶች ጋር ሲዋጋ በእጁ የሚይዘው ጦር ተማረከበት። ስሙ ኪያይ ሮንዳን ነው። ለሆላንድ ንጉሥ ተላከ። ወደ አገሩ የተመለሰው በ1978 ነው። ክሪሱ የተመለሰው ደግሞ ገና በ2020። በ2023 ሆላንድ ለኢንዶኔዥያና ለስሪላንካ 478 ዕቃ እመልሳለሁ አለች፤ ከሎምቦክ ደሴት በ1894 የተዘረፈው ሀብት አብሮ ነበር።

የኦማ ጦር ግን ሌላ ታሪክ ሊኖረው ይችላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ 300,000 ሰው ከኢንዶኔዥያ ወደ ሆላንድ መጥቷል። ብዙዎቹ እናታቸው ወይም አያታቸው ጃቫ ናቸው። የራሳቸውን ውርስ ነው ሻንጣ ውስጥ ከተው የመጡት። ዘንጉ በመጋዝ የተቆረጠውም ለዚያ ይመስለኛል። የጃቫ ጦር ሙሉው 2 ሜትር ያልፋል፤ ሻንጣ አይገባም። መገመት ግን አይበቃም። እህቴ፣ ልጃቸውን ጠይቂያት። አሮጌ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የመርከብ ወረቀት ካለ አብሮት ይቀመጥ። የነገረችሽን በቀኑ ጻፊው። ሰው ያልፋል፤ ያልተጻፈው ታሪክ አብሮት ይቀበራል።

ናዝሬት_ልጅ

ጋሼ ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። ስለ ቅቤው ያሉት ለእኛም አገር ጦር ይሠራል? እኛ ቤት የኑግ ዘይት ነው የሚቀባው።

የመጋዘን_ሰው

ይሠራል። ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ፤ ሲቆይ ደግሞ ይሻግታል፣ ይመራል። ያ መራራነት አሲድ ነው፤ ብረት ይበላል። እናቶቻችን በየጊዜው እየጠረጉ ስለሚቀቡ ነው ያልታየው። ኑግና ተልባ ደግሞ ይደርቃሉ። ቢጫ ሙጫ ይሆኑና አቧራ ይሰበስባሉ። ጎረቤት ካለው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ለምነህ ውሰድ። ንጹሕ ጥጥ ላይ ሁለት ጠብታ ይበቃል። ቀብተህ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ጣትህ ላይ ዘይት ከተሰማህ በዝቷል።

አሁን ወደ እህቴ ልመለስ፤ ዋናውን ገና አልነገርኳትም።

አንደኛውን ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፈሽ አጋድሚው። በለስላሳ የሥዕል ብሩሽ አቧራውን ጥረጊ። ከዚያ ዝገቱን በደንብ እዪ። ጥቁር ወይም ቡና ዓይነት ሆኖ ጠጣር ከሆነ ዝም ብሎ የተኛ ነው፤ ተዪው። ብርቱካናማ ሆኖ ነጭ ጨርቅ ላይ ዱቄት ከጣለ ግን እየበላ ነው። እሱን ብቻ ዘይት አስነክተሽ አንድ ቀን አቆዪው። ከዚያ በተሳለ ቀርከሃ ወይም በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ቀስ እያልሽ አንሺው። ብረት በብረት አይነካም። ደረቁንም አትፈትጊ፤ አርሴኒኩን አስታውሺ።

ነሐሱን አታንጸባርቂ። ማንጸባረቂያ ቅባት ቅርጹ ውስጥ ገብቶ ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ አይወጣም።

ብረቱን ከዘንጉ ለማውጣት አትታገዪ። ጭራው በሙጫ ነው የተያዘው። ስትጠመዝዢው መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እንጨቱ ነው።

ሱምፒቱን ግድግዳ አስደግፈሽ አታቁሚ፤ ይጎብጣል። በሁለት ሦስት ቦታ ደግፈሽ አጋድሚው። ከቤት ማሞቂያው አርቂው። የሆላንድ ክረምት ውጭው ያረጥባል፤ ቤት ውስጥ ግን ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል። ከዝናብ አገር የመጣ እንጨት በዚያ ይሰነጠቃል፤ ራታኑም ይሰበራል። የአየር እርጥበት መለኪያ ጥቂት ዩሮ ነው። ከ40 እስከ 50 በመቶ ካሳየሽ ለብረቱም ለእንጨቱም ይስማማል። ራታኑን ዘይት አትቀቢው።

አፎቱን ለብቻው አስቀምጪ። እንጨት እርጥበት ይይዛል፤ ስለቱ ውስጡ ሲከርም ይዝጋል። የማን አፎት እንደሆነ እንዳይጠፋ በክር ወረቀት እሰሪለት።

ዘሄግ_ነዋሪ

ይቅርታ ቆየሁ። ልጃቸው እሁድ መጣች፤ አብረን ነው ያየነው።

ቶምባኩ የኦማ እናት አባት ንብረት ነበር። እሳቸው የሚኖሩት ጃቫ፣ ሴማራንግ ከተማ ነበር። አንድ ፎቶ አመጣችልኝ። በረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ከኋላቸው የጦር ማስቀመጫ አለ፤ አራት ጦር አለበት። የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ግን አንዱ አፎት ላይ ያለችው ስንጥቅ የእኔው ላይ አለች። ፎቶውን ቅጂ አድርጌ፣ የነገረችኝንም ጽፌ አስቀምጫለሁ። ጠመዝማዛውን ባለቤታቸው ናቸው የገዙት፤ በ1970ዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አገራቸውን ሊያዩ ሲመለሱ። ለእሷ ሰጠኋት፤ የአባቷ ነው። ስለ ሱምፒቱ ማንም አያውቅም። የቀርከሃ መያዣ የለም፤ ጠይቄያለሁ።

ስለ ሽታው ልንገራችሁ። እናቷ በዓመት አንዴ በሩን ዘግታ ጦሩን ታጸዳ ነበር አለች። እሷ ልጅ ሆና ማየት አይፈቀድላትም። ከዚያ የኦማ ዓይን ደከመ። እኔ ስመጣ ማየት አቁመው ነበር። እና አስታወስኩ። አንድ ጊዜ «ያንን አውርጂልኝ» ብለውኝ እቅፋቸው ላይ አድርጌላቸው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው አፎቱን ሲያሸቱ አይቻለሁ። የዕድሜ ነገር መስሎኝ ዝም አልኩ።

መሳቢያቸው ውስጥ ሩብ የቀረው ትንሽ ብልቃጥ ተገኝቷል። ሽታው ያው ነው። ልቀባው?

ከሜራፒ_ሥር

አስለቀስሽኝ እህቴ።

የመጋዘን_ሰው

ዘይቱን ጣትሽ ላይ አድርገሽ ሞክሪው። ከተጣበቀ አርጅቷልና ብረቱን አይንካ። ቀጭን ከሆነ አንድ ጠብታውን ከስፌት መኪና ዘይት ጋር ቀላቅለሽ በጥጥ ቀቢ፤ ከዚያ ጥረጊ። በሙያዬ ዝም ብለሽ የስፌት መኪና ዘይቱን ብቻ ቀቢ ማለት ነበረብኝ። ይህን ጦር ግን በሰንደል የሚያውቁት ሰዎች ነበሩት።

ዘሄግ_ነዋሪ

አይጣበቅም። ዛሬ ማታ ወንድሜም መጥቶ ነበር፤ መብራቱን እሱ ያዘልኝ። ብርቱካናማ የሆነው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በጥርስ መጎርጎሪያ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ዘይቱን ስቀባው የፈሰሰው ሩዝ ከስር እስከ ጫፍ ወጣ። ወንድሜ «ይህን ነበር ልፍቀው የነበረው?» አለኝ።

አፎቱ ለብቻው መሳቢያ ውስጥ ነው። ብልቃጡ አጠገቡ አለ።